የንግግር ክበብ ልደት ላይ ማይኩን ማን ይያዝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬና ከሐረር የደረሱን መልዕክቶች ባንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፣ መጀመሪያ አጋጣሚ መስሎን ነበር፣ በኋላ ስናነባቸው ለካ ሁሉም ያንድ ኮሚቴ ሰዎች ናቸው። ሶስት የንግግር ክበቦች (ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚለማመዱባቸው)፣ አንዱ የድሬ አንዱ የሐረር አንዱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ባንድ ላይ ልደት ሊያከብሩ ተስማምተዋል፣ የተስማሙት ግን እዚህ ድረስ ብቻ ነው። ከዛ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ ለሌላው ሳይናገር ለኛ ጽፎልናል። አቦ እናንተ የንግግር ክበብ አይደላችሁም እንዴ፣ ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ ምን ነበረበት! ለማንኛውም ሁሉንም እዚሁ እንመልሳለን፣ ስም አልጠራንም፣ መተዋወቃችሁ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ የድሬው ክበብ ጸሐፊ ነኝ። 5ኛ ዓመታችንን ከሌሎቹ ጋር አብረን ልናከብር ነው፣ ወደ 80 ሰው እንጠብቃለን። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ የክብር እንግዳ ይጠራ፣ ሪፖርት ይቅረብ፣ ሰርተፍኬት ይሰጥ ይላል፣ ግማሹ ደሞ ዓመቱን ሙሉ ስናወራ ከርመን ልደታችን ላይም ልናወራ ነው እንዴ፣ ዲጄ አምጥተን እንጨፍር ይላል። እኔ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ቀኑን ኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ብለናል። ፕሮግራሙን እንዴት ላውጣው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ ከፕሮግራሙ በፊት ቀኑን እናስተካክል። ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ድግስ የሚባል ነገር የለም፣ ፀሐዩ ራሱ ሰው አያስወጣም፣ ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው፣ የተኛው ተኝቷል፣ በርጫ ላይ የተቀመጠውን ደሞ ከ10 ሰዓት በፊት አስነስቼ አመጣለሁ ካልሽ አንቺን ራስሽን ነው የንግግር ሻምፒዮን ብለን የምንሸልመው። ጥሪ ወረቀቱ ላይ 8 ብለሽ ብትጽፊም ሰው የሚመጣው 10 ተኩል ነው፣ አዳራሹን ግን ከ8 ጀምሮ ነው የምትከፍይበት።

ኅዳር መጨረሻ ያላችሁት ደሞ ካሌንደር ሳታዩ ነው መሰለኝ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ነው፣ ኦርቶዶክስ አባሎቻችሁ ኬኩን ቆመው ሊያዩት ነው። ወደ ታኅሣሥ ልግፋው እንዳትይ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል አለ፣ በዛ ሳምንት ድሬ ላይ አልጋም መኪናም በተለመደው ዋጋ ማግኘት የማይታሰብ ነው። ረመዳንን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ሐረሮቹን የምትጠሩ ከሆነ ደሞ ሹዋሊድንም እዩ፣ ከኢድ በኋላ ስድስቷን ቀን ጾመው የሚያከብሩት የሐረሪዎች በዓል ነው፣ በ2023 በፈረንጆቹ ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ በዛ ሰሞን ሐረርን ለቆ ወደ ድሬ የሚወርድ ሰው አታገኚም፣ እንደውም እናንተ ብትወጡ ይሻላል።

የኔ ምርጫ ጥቅምት 12 አካባቢ ያለው እሁድ ነው። ጥቅምት 12 ለምን እንደሆነ ታች ለተማሪው ስመልስ ታዪዋለሽ። ያኔ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ብሏል፣ ዝናቡ አልፏል፣ ትልልቆቹ አጽዋማት አልገቡም። የጽጌን ጾም የሚጾሙ አሉ፣ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሁሉም ሰው አይጾመውም፣ ግን የጾም ምግብ ጠረጴዛው ላይ እንዳይጠፋ።

ወደ ክርክራችሁ ስመጣ፣ እኔ ከሁለቱም ጎን አልቆምም፣ ወይም ከሁለቱም ጎን ነኝ። የንግግር ክበብ ልደት ያለ ንግግር ከሆነ ተራ የልደት ጭፈራ ነው፣ ሰው ለምን እንደተሰበሰበ ሳያውቀው ይሄዳል። በሪፖርት የተሞላ ከሆነ ደሞ ያው ስብሰባ ነው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢያንስ ኬክ አይቶ የሚጎመጅ የለም። እናንተ ግን ሌላው ማኅበር የሌለው አንድ ነገር አላችሁ፣ ሰዓት ጠባቂ አላችሁ። ሰው እንዲናገር ፈቅዶ በሰዓቱ እንዲያቆም የሚያደርግ ሌላ ማን አለ በዚህ አገር? ስለዚ ንግግሩን አትቀንሱት፣ በሰዓት እሰሩት። በየሳምንቱ እንደምታደርጉት፣ 5 ደቂቃ ላይ አረንጓዴ መብራት፣ 6 ላይ ቢጫ፣ 7 ላይ ቀይ፣ ከዛ 30 ሰከንድ ምሕረት፣ በቃ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። እሁድ 10 ተኩል ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ሻሂና ሳምቡሳ እየተቀበለ፣ ብርሃን ሳይጠፋ ፎቶ ይነሳል (ማታ በስልክ የሚነሳ ፎቶ ላይ የሁሉም ሰው ፊት ላብ ብቻ ነው)። 11 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ሰው ባይሞላም ይጀመራል። ከያንዳንዱ ክበብ አንድ አንድ የተዘጋጀ ንግግር፣ ሶስት ሰው በ7 በ7 ደቂቃ 21 ደቂቃ ነው፣ መግቢያውና የእንግዳው ቃል ተጨምሮ 50 ደቂቃ አይሞላም። ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ እዛ ላይ ቁረጡት፣ መግሪብ የሚሰግድ ይስገድ፣ ሌላው ፈጢራውን ይብላ፣ ይሄን ዕረፍት ፕሮግራሙ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ ሰው እየተሹለከለከ እንዲወጣ አታድርጉ። 12 ተኩል ላይ ሁለተኛው ክፍል፣ እሱ ጨዋታ ብቻ ነው። 1 ሰዓት ላይ እራት፣ ከዛ ዲጄ።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ አታንብቡት። አምስት ዓመት የሰራችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ ግድግዳው ላይ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ ከስሩ አንድ አንድ መስመር ጻፉ፣ ማን መጀመሪያ ሲናገር እጁ እንደተንቀጠቀጠ፣ ማን መድረክ ላይ ወረቀቱ እንደጠፋበት። ሰው ሳምቡሳ ይዞ እየተዟዟረ ሲስቅ ሪፖርቱ ቀረበ ማለት ነው። ሰርተፍኬት ደሞ 40 ሰው አንድ ባንድ ጠርታችሁ እጅ አስጨብጣችሁ ፎቶ ካስነሳችሁ አንዱ 1 ደቂቃ ቢፈጅ 40 ደቂቃ ነው፣ የሶስት ሰው ንግግር ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ሰርተፍኬቱን ሲገቡ በር ላይ ስጧቸው፣ በኋላ ሁሉም ባንድ ላይ ከፍ አድርጎ አንድ ፎቶ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሁለት ነገር አይቅርባችሁ። አንደኛ ያልተዘጋጀ ንግግር፣ ቴብል ቶፒክስ የምትሉት፣ ጥያቄዎቹን ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ሰው ያንሳ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይመልስ። ጥያቄው የድሬ ይሁን ግን። ስለ አመራር ምናምን አትጠይቁ። ለምሳሌ፦ በፈረንጆቹ ከ1902 ጀምሮ ባቡር ሲቀበልና ሲሸኝ የኖረው የለገሃር ጣቢያ አፍ ቢያወጣ ከከተማ ወጣ ብሎ ለተሰራው ለአዲሱ ጣቢያ ምን ይለው ነበር? ወይ ፈጢራ በልቶ ለማያውቅ የደገኛ እንግዳ ፈጢራን አስረዳ። ወይ ሐረር ትበልጣለች ብለህ ተከራከር፣ ይሄን የድሬ ልጅ ካነሳው ድግሱ እዛው ደመቀ። እና በፈለጉት ቋንቋ ይመልሱ፣ ክበባችሁ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚሰበሰብ ቢሆንም ዛሬ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ በሐረሪኛ ይሁን፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለው ሰው ያን ቀን በገዛ ቋንቋው ሲናገር ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ ቅጣቱ። "ኧ" ቆጣሪያችሁ ያን ቀን ስራ ላይ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ "ኧ"፣ "ማለት ነው"፣ "እንግዲህ" እና "ያው" ሳንቲም ማሰሮ ውስጥ ይግባ። (እኔ ይሄን መልስ በቃል ብናገረው ኖሮ እስካሁን የኬኩን ግማሽ ከፍዬ ነበር።) እንግዶቹም ይቀጡ፣ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የፕሮቶኮል ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ የክብር እንግዳውንም በመብራት እናስቆማለን እያሉ ነው። ትልቅ ሰው ጠርቶ ቀይ መብራት ማብራት ነውር አይደለም ወይ? ስፖንሰሮችስ ቢቀየሙ? (ከከዚራ)

መልስ፦ ነውሩ የት ጋ እንዳለ መሰለህ፣ ሳይነግሩት ማብራቱ ጋ ነው። ጥሪ ደብዳቤው ላይ "የ3 ደቂቃ የመልካም ምኞት ቃል" ብለህ ቁጥሩን ጻፈው፣ ከዛ በፊት ባለው ቀን ደውልና አስታውስ፣ ሲመጣም ከሰዓት ጠባቂዋ ጋር አስተዋውቀው፣ "ጋሼ እዚህ ክበብ ንጉሡም ቢመጣ ይቺ ልጅ ናት የምታስቆመው" በለው እየሳቅህ። ከሁሉም በፊት ደሞ መድረክ መሪው ገና ሲጀምር መብራቶቹን ለአዳራሹ ሁሉ አብርቶ ያሳይ። ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ላይ ማንም አይቀየምም፣ እንደውም ትልልቅ ሰዎች ሲደሰቱበት ነው ያየሁት፣ ቢጫው ሲበራ "እሺ እሺ ጨረስኩ" ብለው ሲያሳጥሩ ከንግግራቸው በላይ የሚጨበጨብላቸው ለሱ ነው።

አንድ ምርቃት ላይ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ እንግዳው ሲናገሩ ሲናገሩ ውሃው ውስጥ የነበረው በረዶ ሟሟ፣ ኬኩ ላይ ያለው ክሬም ወደ ጎን መሄድ ጀመረ፣ ሰውየው መጥፎ ሰው አልነበሩም፣ ስንት ደቂቃ እንደተሰጣቸው የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው። ድሬ ላይ ክሬም ኬክ ያዘዘውም ጥፋት አለበት፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ብልሃት እንግዳውን ስራ ስጠው። ከሰፌዱ ጥያቄ ያውጣ፣ የዓመቱን ምርጥ ተናጋሪ ይሸልም፣ ኬኩን ይቁረጥ። እጁ ስራ የያዘ ሰው አፉን አያረዝምም። ስፖንሰሩን በተመለከተ ባነሩ ላይ ስሙ ይውጣ፣ መድረክ መሪው አንድ ጊዜ ያመስግን፣ ማይክ ግን አይሰጠውም፣ አንዴ ከሰጠኸው ስለ አዲሱ ምርቱ ነው የሚያወራው።

ጥያቄ፦ እኔ ከሐረር ነኝ፣ ከጀጎል። መድረክ መሪ አድርገውኛል፣ ከዚህ በፊት መርቼ አላውቅም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደሞ ሐረርና ድሬ ስለሆንን ቀልድ ላይ ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ መድረክ መሪ ማለት ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፣ ሁለት ሰው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዱ ተናግሮ ሲወርድ አንቺ መድረኩ ላይ ደርሰሽ እጁን ጨብጠሽ ተቀበይው፣ ቀጣዩ ሲመጣም እንደዛው፣ መድረኩን ባዶ አትተይው። ሰውን ስታስተዋውቂ የተማረበትን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አትቁጠሪ፣ ስሙ፣ የሚናገርበት ርዕስ፣ ሰው እንዲሰማው የሚያደርግ አንድ ነገር፣ በቃ። ስሙን ግን ከሱ ከራሱ አፍ ሰምተሽ ተለማመጂው፣ የሶማሌ ስም ላይ ወይ የሐረሪ ስም ላይ የሚሳሳት መሪ ሰውየውን ገና ሳይናገር አስቀይሞታል።

ቀልዱ ላይ፣ ስለ ድሬ ሙቀትና ስለ ሐረር ብርድ፣ ስለ ባጃጅና ስለ ጠባብ መንገድ የፈለግሽውን በይ፣ ድሬዎቹ ራሳቸው ይጨምሩልሻል። ብሔርና ሃይማኖት ላይ አትሂጂ፣ "እኛ እንቀላለዳለን እኮ" የሚልሽ ሰው ቢኖርም አትሂጂ፣ እናንተ ትቀላለዳላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ለስራ የመጣው እንግዳ ግን አያውቅም። ሰላምታውን በአራቱም ቋንቋ አድርጊው፣ አጭር ይሁን፣ ሰው በቋንቋው ሰላም ሲባል ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚቀመጠው።

ስለ መንገዱ ደሞ ለናንተ ለሐረሮች። 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም የደንገጎን ጠመዝማዛ ማታ መውጣት ቀልድ አይደለም። ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ፣ ከሹፌሩ ጋር 3 ሰዓት ላይ እንነሳለን ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ሹፌሩም እራት ይብላ፣ እራት ያልበላ ሹፌር 2 ሰዓት ላይ ክላክስ ማድረግ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሆቴል ጠይቀን ለአንድ ሰው 1,000 ብር አሉን፣ ለ80 ሰው 80,000 ብር ብዬ ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሌላ የማላየው ወጪ ይኖር ይሆን? (ከነምበር ዋን)

መልስ፦ አለ፣ ትልቅ ነው። መጀመሪያ "1,000 ብሩ ከቫትና ከሰርቪስ ጋር ነው ወይስ ያለሱ?" ብለህ ጠይቅ። ያለሱ ከሆነ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 1,100 ይሆናል፣ 15 በመቶ ቫቱ ደሞ በዛ ላይ ነው የሚሰላው፣ 1,265 ይመጣል። ለ80 ሰው 101,200 ብር ነው። ኮሚቴው 80,000 ብሎ ተዘጋጅቶ 21,200 ብር ቢጎድል ያን ቀን ማታ ከኪሱ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፣ ገንዘብ ያዡ ነው።

ከዛ የሚከተሉትን በጽሑፍ አስይዝ፣ በቃል ያሉህን አትመን፦ አዳራሹ ወይ ግቢው ምግብ ከያዛችሁ በነጻ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል፣ ውሃ ስንት ስንት ጠርሙስ ነው፣ ኬክ ከውጭ ማስገባት ይቻላል ወይስ ያስከፍላሉ፣ ሞንታርቦው የነሱ ነው ወይስ እናንተ ታመጣላችሁ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ማይኩንም ያበራል ወይስ አምፖሉን ብቻ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳቅ እንዳትል። አዳራሹ በርቶ ማይኩ የሞተበት የንግግር ክበብ ልደት ምን እንደሚመስል አስበው።

ሆቴሉ ከበዛባችሁ የአንድ አባል ሰፊ ግቢ ፈልጉ፣ ከዚራ አካባቢ ዛፍ ያለው ግቢ ካገኛችሁ ከማንኛውም አዳራሽ ይበልጣል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተከራይታችሁ፣ ቬንትሌተር ጨምራችሁ፣ ምግቡን ለሚሰሩ እናቶች ሰጥታችሁ። እዛ ላይ የሚቆጠበው ብር ብዙ ነው፣ የሚጨምረው ድካም ግን አለ፣ ማታ ወንበር የሚሰበስብ ሰው ከአሁኑ በስም ይመደብ።

መዋጮውን ለሰራተኛውና ለተማሪው እኩል አታድርጉት፣ ተማሪው ግማሽ ይክፈል። በቴሌብር ይግባ፣ ከድግሱ አስር ቀን በፊት ይዘጋ፣ ምክንያቱም "መጥቼ እከፍላለሁ" የሚል ሰው ይመጣል፣ ይበላል። ከጠቅላላው 10 በመቶ ለድንገተኛ አስቀምጥ፣ አንድ ነገር መርሳታችሁ አይቀርም። ስፖንሰር ደሞ ብር ከመጠየቅ ዕቃ ጠይቁት፣ ውሃ፣ የባነር ህትመት፣ ኬክ፣ ነጋዴ ብር ስትለው ያስባል፣ አምስት ካርቶን ውሃ ስትለው ግን እሺ ይላል።

ጥያቄ፦ መጋላ ነው ያለሁት። ቶስት እናደርጋለን ተብሏል፣ እኔ መጠጥ የሚባል ነገር አልነካም፣ ብርጭቆ ማንሳቱ ራሱ ይከብደኛል። ደሞ ምግቡ ላይ የሙስሊም ስጋና የክርስቲያን ስጋ ክርክር ተነስቷል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሌላ ወሬ የለም።

መልስ፦ ቶስቱ በምንም ይሆናል ወንድሜ፣ በውሃም ይሆናል። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ቅዱ፣ የሐረሩ ሶፊ አለላችሁ፣ አልኮል የለውም፣ ለአካባቢው ሰው ተብሎ ነው የተሰራው፣ ወይ ደሞ ትንንሽ ፍንጃል ሆጃ፣ ይሄ እንደውም ያምራል፣ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ሌላ አገር ያለ የንግግር ክበብ በሆጃ ቶስት አድርጎ አያውቅም። ዋናው ለአንዱ ቢራ ለአንዱ ውሃ ቀድቶ ሰው በብርጭቆው እንዲለይ አለማድረግ ነው። ቶስት የሚያደርገው አንድ ሰው ይሁን፣ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ለማን እንደሚነሳ ይናገር፣ ሰው ይነሳ፣ ይጠጣ፣ ይቀመጥ።

ግን እኔን ከጠየቅከኝ ከቶስቱ በፊት ምርቃት ይቅደም። አንድ የሰፈር አባት ወይ እናት ጥሩ፣ ብድግ ብለው ይመርቁ፣ ቤቱ "አሚን" ይበል። እኛ አገር ንግግር የሚችል ሰው ማለት መጀመሪያውኑ የሚመርቅ ሰው ነው፣ ሳይዘጋጁ፣ ያለ ወረቀት፣ ሰው እየተቀበላቸው፣ ሲበቃቸው የሚያቆሙ። ልጆቹ ከሳቸው የሚማሩት ነገር አለ። የድሬ ሽማግሌ ደሞ ሲመርቅ ሃይማኖት አይለይም፣ ሁሉም ሰው አሚን ብሎ ነው የሚወጣው።

ስጋው ላይ አጭር ነኝ፦ ስጋውን ተዉት። ስጋ የሌለበት ድግስ ድግስ ነው ወይ የሚል ሰው ይኖራል፣ ይናገር፣ 2 ደቂቃ ስጡት። የምስር ሳምቡሳ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ሰላጣ፣ ሽሮ፣ ፈጢራ፣ ከዛ ሙሸበክና ሐላዋ፣ ሀብሀብና ፓፓያ ተቆርጦ በረዶ ላይ፣ ይሄን ጠረጴዛ ማን ያማዋል? ፈጢራው ግማሹ በእንቁላልና በማር፣ ግማሹ ለሚጾሙት ያለ እንቁላል ይሰራ፣ ሁለቱም ላይ ወረቀት ይለጠፍበት። የግድ ስጋ ካላችሁ ሁለት የተለያየ ጠረጴዛ፣ ሁለት የተለያየ ጭልፋ፣ ሁለት የተለያየ አስተናጋጅ፣ ማን የቱ ጋ እንዳለ በትልቁ ተጽፎ። አንዱ ጭልፋ ወደዛኛው ትሪ ከገባ ግን አለቀ፣ ስለዚ ነው ተዉት ያልኩት።

ጥያቄ፦ እኔ የዩኒቨርሲቲው ክበብ አባል ነኝ። የንግግር ክበቦችን ታሪክ የሚያወሳ ንግግር ተሰጥቶኛል፣ 7 ደቂቃ። ኢንተርኔት ላይ ያለው በጣም ብዙ ነው፣ የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ በመጀመሪያ 7 ደቂቃ ካልከኝ ለ6 ተዘጋጅ። ከታሪኩ የሚያስፈልግህ ይሄን ያህል ነው። ራልፍ ስሜድሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1905 እንደ ፈረንጆቹ ብሉሚንግተን ኢሊኖይ ውስጥ በወወክማ (የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ሲሰራ፣ እዛ የሚመጡት ወጣቶች ሰው ፊት ቆመው መናገርና ስብሰባ መምራት እንደማይችሉ አየ፣ ማሰልጠን ጀመረ። እሱ ወደ ሌላ ከተማ ሲቀየር ግን የጀመረው ነገር እየከሰመ ይቀር ነበር። በኋላ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ሄዶ እዛም ባለው ወወክማ ምድር ቤት ውስጥ ኦክቶበር 22 ቀን 1924 አንድ ክበብ ሰበሰበ፣ በኛ ጥቅምት 12 ቀን 1917 ዓ.ም. ማለት ነው። ያ ክበብ አልሞተም፣ ሌሎች ተከተሉት፣ በፈረንጆቹ በ1932 ቶስትማስተርስ ኢንተርናሽናል ተብሎ ሕጋዊ ድርጅት ሆነ፣ በ2024 መቶኛ ዓመቱ ተከበረ። ላይ ጸሐፊዋን ጥቅምት 12 አካባቢ ያልኳት ለዚህ ነው፣ የናንተን አምስተኛ ዓመት ከዛ ቀን ጋር ብታገናኙት ለንግግርህም መግቢያ ይሆንሃል።

አዳራሹን የሚያነቃው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሴቶች በይፋ አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው በፈረንጆቹ በ1973 ነው፣ ማለትም ክበቡ ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል። ከዛ በፊት በ1970 ሄለን ብላንቻርድ የምትባል ሴት መግባት ፈለገች፣ ሕጉ አይፈቅድም፣ ክበቡ ምን አደረገ፣ "ሆመር" ብሎ በወንድ ስም መዘገባት! ይቺው ሴት በ1985 የድርጅቱ ዓለም አቀፍ ፕሬዚዳንት ሆነች፣ የመጀመሪያዋ ሴት። ይሄን ስትናገር አዳራሹ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ፊት እያየህ ተናገር፣ ሶስቱንም ክበብ ቢሆን ስብሰባ የሚያስሄዱት እነሱ መሆናቸውን ከደብዳቤዎቻችሁ አይቻለሁ።

የተረፈህን 3 ደቂቃ ስለራሳችሁ አድርገው። ካሊፎርኒያ ሩቅ ነው፣ ሰው ፎቶው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ልጅ መስማት ነው የሚፈልገው፣ መጀመሪያ ቀን ስሙን ተናግሮ የተቀመጠ፣ ዛሬ መድረክ የሚመራ። ስም ከመጥራትህ በፊት ልጁን አስፈቅደው። ዓመተ ምህረት ስትጠራ ደሞ በፈረንጅ ይሁን በኛ ለይተህ ተናገር፣ አለዚያ 1917 ስትል ግማሹ ሰው ባቡር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው ብሎ ያስባል፣ ያ በፈረንጅ ነው፣ ድሬ ላይ የባቡር ዓመት የማያውቅ ሰው ስለሌለ ተነስቶ ያርምሃል።

ጥያቄ፦ የጭፈራው ወገን ነኝ። ዲጄውን እኔ ነኝ የማመጣው። መመሪያ ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ በኋላ እንዳትነጫነጩ። (ከግሪክ ካምፕ)

መልስ፦ ሶስት ነገር ብቻ። ሰው ሲበላ ድምፁን ዝቅ ያድርግልን፣ ዓመቱን ሙሉ አብረው የተሰበሰቡ የሐረርና የድሬ ልጆች የሚያወሩት እዛ ላይ ነው። አንድ ቋንቋ ላይ አይክረም፣ ኦሮምኛውን ሶማሊኛውን ሐረሪኛውን አማርኛውን እያቀላቀለ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ ለነሱ የሚሆን ቆየት ያለ ነገር ያስቀድም። ሶስተኛ፣ ዲጄው ራሱ ማይክ አይያዝ፣ በየዘፈኑ መሃል "እጃችሁ የታለ!" የሚል ከሆነ ሰዓት ጠባቂዋን አጠገቡ አስቀምጡለት። 2:45 ላይ የመጨረሻው ዘፈን፣ የሐረር ሚኒባስ 3 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሏል።